ፋብሪካው ቢሄድም ጣሪያው አይሄድም

«አረንጓዴ ሥራ» ሲባል ብዙዎቻችን ችግኝ መትከል ብቻ ይመስለናል። ሶላር መግጠም፣ ቆሻሻ ለይቶ መልሶ መጠቀም፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሞተር መጠገንም እኮ አረንጓዴ ሥራ ነው። በዚህ ዕትም ሶላርን ምሳሌ አድርገን፣ የዓለም የኃይል ሚዛን ሲለዋወጥ የከተማ ሠራተኛ ምን እንደሚያጣና ምን እንደሚያገኝ እንመልከት።

ዛሬ የምናውቀው የሶላር ሴል በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በቤል ላቦራቶሪ ተሠራ። ጀርመን በ2000 ባወጣችው ሕግ ገበያው ሰፋ። ከዚያ ቻይና ግዙፍ ፋብሪካዎች ገንብታ ዋጋውን አወረደችው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚመረቱት አሥር ፓነሎች ስምንቱ ያህል የሚሠሩት እዚያ ነው።

አሜሪካም ዝም አላለችም። በ2009 ለአረንጓዴ ሥራ ሥልጠና 500 ሚሊዮን ዶላር መደበች። ብዙ ሰው ሠለጠነ፤ ነገር ግን የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሥራ ያላገኘውም ጥቂት አልነበረም። በ2011 ደግሞ ሶሊንድራ የተባለው የካሊፎርኒያ የፓነል ፋብሪካ ከርካሹ ፓነል ጋር መወዳደር አቅቶት ተዘጋ፤ ከ1,000 በላይ ሠራተኞችም ተበተኑ።

ታዲያ ሁሉም ከሰረ ማለት ነው? አይደለም። ፓነሉ ሲረክስ ገዢው በዛ፣ ለገጣሚውም ሥራ በዛለት። ፓነል በመርከብ ይመጣል፤ ጣሪያ ግን በመርከብ አይሄድም። ገመዱን የሚዘረጋው፣ የደከመውን ባትሪ የሚቀይረው እዚያው ከተማ ያለ ሰው ነው።

ቢሆንም ሥልጠና ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ተማሪዎች ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን ይቀጥራል? የምስክር ወረቀቱስ ከካምፕ ውጪ ይታወቃል? የሥራ ፈቃድስ ያስፈልጋል? ለምሳሌ ኬንያ ውስጥ ከ2012 ወዲህ ሶላር ለመግጠም የቴክኒሺያን ፈቃድ ግድ ነው።

መምህራን ደግሞ ይህችን ስሌት በክፍል ሞክሯት። ባለ 100 ዋት ፓነል ለ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 500 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ባለ 5 ዋት አምፖል 4 ሰዓት ሲበራ 20 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። በወረቀት ላይ 25 አምፖል ይደርሳል ማለት ነው። በተግባር ግን ያንሳል፤ ባትሪውና ገመዱ የሚያባክኑት አለ። «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ሙያውን ጀምሯል እንላለን።