ኩሽኔታ ከመሰበሩ በፊት ይናገራል

በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ዋናው ሞተር በሥራ መሀል ቀጥ ሲል፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከኩሽኔታው ነው። የኩሽኔታ ዋጋ ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሆኖም ሳይታሰብ ሲሰበር ዘንጉን ያበላሻል፣ ሞተሩን እስከ ማስጠቅለል ያደርሳል፣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ለደንበኛ የተገባው ቀን ያልፋል። ኪሳራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኩሽኔታ ግን በድንገት የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው በቀለበቱ ወይም በኳሱ ላይ ከምትገኝ ትንሽ የተላጠች ነጥብ ነው። ኳሶቹ በዚህች ነጥብ ላይ ባለፉ ቁጥር ምት ይፈጠራል። ይህ ምት መጀመሪያ በእጅም በጆሮም አይታወቅም፤ የንዝረት መለኪያ መሣሪያ ግን ይይዘዋል።

መሣሪያው የትኛው ክፍል እንደተጎዳ ጭምር ይለያል። በገበያው የታወቀውን 6205 ቁጥር ኩሽኔታ እንውሰድ። የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን 9 ኳሶች አሉት። ሞተሩ በደቂቃ 1,440 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 24 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ የውጭ ቀለበቱ ሲላጥ በሰከንድ 86 ያህል ምት፣ የውስጥ ቀለበቱ ሲላጥ ደግሞ 130 ያህል ምት ይመዘገባል። ንዝረቱ በሰከንድ 24 ላይ ብቻ ከጎላ ግን ኩሽኔታ ለመቀየር አይቸኮልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚዞረው አካል ሚዛን መሳቱ ነውና።

ጉዳቱ እየሰፋ ሲሄድ ንዝረቱ ይጨምራል፣ ጩኸት ይከተላል፣ በመጨረሻም ኩሽኔታው ይግላል። ካቻቢቴ በጆሮ ላይ ደግኖ ማዳመጥ የቆየ ዘዴ ቢሆንም የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሙቀት እስኪሰማ የጠበቀ ባለቤት ደግሞ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

ልኬቱ የሚጠቅመው በሥርዓት ሲያዝ ነው። በየወሩ በዚያው የኩሽኔታ ቤት ላይ፣ በዚያው ፍጥነትና ጭነት ተለክቶ በመዝገብ ይሰፍራል። ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ የቁጥሩ አካሄድ ይበልጥ ይናገራል።

አዲስ ኩሽኔታ መግጠም ብቻውንም መፍትሔ አይሆንም። በኳስ ኩሽኔታ ላይ ያረፈው ጭነት በእጥፍ ሲያድግ፣ በስሌት ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ፣ ያልተስተካከለ ዘንግ፣ በመዶሻ እየተመታ የተገጠመ ቀለበት አዲሱንም ይበሉታል።

ስለዚህ መሣሪያውን ለመግዛት ወይም ባለሙያ ለማስመጣት የሚያመነታ ባለ ፋብሪካ ዋጋውን ማነጻጸር ያለበት ከኩሽኔታው ዋጋ ጋር ሳይሆን፣ ማሽኑ ሳይታሰብ ከሚቆምበት አንድ ቀን ገቢ ጋር ነው። ቀድሞ ያወቀ የሚያቆምበትን ቀን ራሱ ይመርጣል፤ መለዋወጫውንም ተረጋግቶ፣ ዋጋ አወዳድሮ ይገዛል።