የሐውቶርን ሙከራዎች፡ ሠራተኛን ለሥራ የሚያተጋው ምንድን ነው?

ሠራተኛ ለሥራው የሚተጋው ስለ ምንድን ነው? ደመወዙ ስላደገለት፣ የሥራ ቦታው ስለተመቸው፣ ወይስ አለቃው ስላዳመጠው? ይህ ጥያቄ ለአስተዳደር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ቢመስልም እንደ ማንኛውም የሳይንስ ጥያቄ በሙከራ ሊመረመር ይችላል። በዚህ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የገነነው ምርምር የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ በአሜሪካ፣ በቺካጎ አጠገብ በምትገኘው በሲሴሮ ከተማ፣ በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሐውቶርን ፋብሪካ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፋብሪካው የስልክ መሣሪያዎችን የሚያመርት ሲሆን በገነነበት ዘመን ከ40,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን ያስተዳድር ነበር። በዚያ የተደረጉት ሙከራዎች እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ የሚነገርላቸው ታሪክና የተገኘው ማስረጃ በሁሉም ነጥብ አይስማሙም።

መብራቱና ምርቱ

የመጀመሪያው ጥያቄ እጅግ ቀላል ነበር፤ ይኸውም የመብራት ድምቀት ቢጨምር ምርት ይጨምራል ወይ? የሚል ነው። ከ1924 እስከ 1927 ድረስ ተመራማሪዎች የመብራቱን ድምቀት ከፍና ዝቅ እያደረጉ የሠራተኞቹን ምርት መዘገቡ። ውጤቱ ግን ግራ አጋባቸው። መብራት በተጨመረለት ቡድንም፣ ምንም ባልተለወጠበት የማነጻጸሪያ ቡድንም ምርት አደገ። በአንድ ሙከራ ሁለት ሴት ሠራተኞች ብርሃኑ የጨረቃ ብርሃን ያህል እስኪደበዝዝ ድረስ ሥራቸውን ሳይቀንሱ ቀጠሉ። ስለዚህ ከመብራቱ በቀር ሌላ ምክንያት መኖር አለበት የሚል ግምት ተወሰደ።

በልዩ ክፍል የሠሩት ሴቶች

በ1927 ስድስት ሴቶች ከትልቁ አዳራሽ ተለይተው በአንዲት ክፍል ውስጥ ሥራ ጀመሩ። አምስቱ ለስልክ የሚያገለግለውን ሪሌይ የተባለ መሣሪያ ሲገጣጥሙ ስድስተኛዋ ዕቃ ታቀርብላቸው ነበር። አንዱን ሪሌይ ለመገጣጠም አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ምርቱን በትክክል መቁጠር ይቻል ነበር። ተመራማሪዎቹ የዕረፍት ጊዜ ሰጡ፣ ቁርስ አቀረቡ፣ የሥራ ሰዓት አሳጠሩ። በየለውጡም የሴቶቹን አስተያየት ይጠይቁ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ በዘለቀው ክትትል ምርት በ30 በመቶ ያህል አደገ። በመካከሉ ዕረፍቱና ቁርሱ ሁሉ ተነሥቶ ለ12 ሳምንታት ወደ ቀድሞው ሰዓት ሲመለሱ እንኳ በሰዓት የሚያመርቱት ጥቂት ቢቀንስም ሳምንታዊው ምርት ከመነሻው እጅግ ከፍ እንዳለ ቆየ።

በ1928 ምርምሩን የተቀላቀሉት የሐርቫርዱ ኤልተን ሜዮና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ተነሥተው አንድ መደምደሚያ ሰጡ። ይኸውም ሠራተኛን የሚያተጋው መብራት ወይም ዕረፍት ሳይሆን ከጓደኞቹ ጋር ያለው ግንኙነትና ከአለቃው የሚያገኘው ትኩረት ነው የሚል ነበር። ሰዎች እየተጠኑ መሆናቸውን በማወቃቸው ብቻ ጠባያቸውን መለወጣቸውም በኋላ «የሐውቶርን ውጤት» የሚል ስም ተሰጠው።

የአሥራ አራቱ ወንዶች ምስጢር

ብዙም የማይወራለት፣ ነገር ግን ከሁሉ የሚያስተምረው ክፍል ከ1931 እስከ 1932 የተደረገው ክትትል ነው። በዚህ ጊዜ ተመራማሪው ምንም ሳይለውጥ የአሥራ አራት ወንዶችን ሥራ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ተመለከተ። ብዙ ያመረተ ብዙ እንዲያገኝ የሚያስችል የማትጊያ ክፍያ ቢኖርም ሰዎቹ «የአንድ ቀን ተገቢ ሥራ ይህን ያህል ነው» ብለው በመካከላቸው የወሰኑት ልክ ነበራቸው። ከዚያ በላይ የሠራ በጓደኞቹ ይሰደባል፤ ክንዱንም በቡጢ ይመታል። ከልክ በታች የሰነፈም እንዲሁ ይወቀሳል። ለአለቃ ወሬ ማቀበል ደግሞ የከፋ ነውር ነበር።

ይህ ስንፍና አልነበረም። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስለነበር ሠራተኞቹ ብዙ ቢያመርቱ የክፍያው ተመን ይቀነሳል፣ ወይም ሰው ይባረራል ብለው ይፈሩ ነበር። እንግዲህ የቡድን መንፈስ ሁልጊዜ ለድርጅቱ ይሠራል ማለት አይደለም። በአመራሩ ላይ እምነት በሌለበት የቡድኑ አንድነት ራስን መከላከያ ግድግዳ ይሆናል።

ማስረጃው እንደገና ሲመረመር

ሳይንስ የታወቀን ታሪክ ዝም ብሎ አይቀበልም። የስድስቱን ሴቶች ሙከራ እንደገና ያዩ ተመራማሪዎች ብዙ ተለዋዋጮች በአንድነት እንደተቀያየሩ አመለከቱ። ቀድሞ ክፍያቸው በመቶ ያህል ሰዎች የጋራ ምርት ይታሰብ የነበረው ሴቶች በአዲሱ ክፍል በራሳቸው ትንሽ ቡድን ምርት ይከፈላቸው ጀመር። ስለዚህ ትጋታቸው በቀጥታ ኪሳቸው ይገባ ነበር። ከዚህም በላይ ወሬ አብዝተዋል የተባሉ ሁለት ሴቶች በ1928 መጀመሪያ ላይ ወጥተው በሌሎች ተተኩ። በ1978 የታተመ የስታቲስቲክስ ትንተናም ለምርቱ መለዋወጥ ዋና ምክንያት ሆነው የተገኙት የአስተዳደሩ የዲሲፕሊን እርምጃ፣ የኢኮኖሚው ድቀትና የዕረፍት ጊዜ መሆናቸውን ገለጸ።

የመብራቱ ሙከራ መረጃ ደግሞ ጠፍቷል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ስቲቨን ሌቪትና ጆን ሊስት የተባሉ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት መዝገቡን አግኝተው በ2011 ውጤታቸውን አሳተሙ። መብራቱ ይለወጥ የነበረው ፋብሪካው በሚዘጋበት በእሑድ ቀን ነበር፤ ሰኞ ዕለትም ምርት ከቅዳሜው በልጦ ይገኝ ነበር። ነገር ግን መብራት ባልተለወጠባቸው ሳምንታትም ሰኞ ምርት ያድግ ነበር! ስመ ጥሩው ውጤት ከሞላ ጎደል የሳምንቱ ቀናት ልማድ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ የታወቀው

ታዲያ ትኩረትና መደማመጥ ዋጋ የላቸውም ማለት ነው? አይደለም፤ የተሻሉ ጥናቶች ነገሩን በሌላ መንገድ አሳይተውታል። ዊልያም ካን በ1990 ባሳተመው ጥናት ሰው ራሱን ለሥራው የሚሰጠው ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት መሆኑን ገለጸ። እነርሱም ሥራው ትርጉም ያለው መሆኑ፣ ሐሳቡን ቢገልጽ ጉዳት እንደማይደርስበት ማመኑ፣ የሚያስፈልገውም የአካልና የአእምሮ አቅም መኖሩ ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያሳየችው ኤሚ ኤድመንድሰን ናት። በ1996 በታተመ ጥናቷ በስምንት የሆስፒታል ክፍሎች የሚፈጸሙ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን መረመረች። ጥሩ አመራር ያላቸው ክፍሎች ጥቂት ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ብትጠብቅም የተገኘው ተቃራኒው ነበር፤ በእነዚህ ክፍሎች የተመዘገበው ስሕተት በለጠ። ምክንያቱ ሲጣራ ግን ነርሶቹ ይበልጥ መሳሳታቸው ሳይሆን ስሕተትን ያለ ፍርሃት መናገራቸው ሆኖ ታየ። አለቃ በሚፈራበት ክፍል ስሕተቱ ይደበቃል፤ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ አይታረምምና በሌላ በሽተኛ ላይ ይደገማል።

በአገራችን በጃፓን ትብብር ከ2009 ጀምሮ በተመረጡ ፋብሪካዎች የተጀመረው የካይዘን አሠራርም መሠረቱ ሠራተኛው የሥራ ቦታውን ጉድለት ራሱ አይቶ መፍትሔ ማቅረቡ ነው። ጉድለትን መናገር የሚያስነቅፍ ከሆነ ግን ይህ አሠራር በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሰሌዳ አልፎ አይሄድም።

ለነገ መሪዎች

በቤተ ሙከራ ወይም በቡድን ሥራ የሚመራ ተማሪ ከዚህ ታሪክ ጥቂት ነገሮችን ሊይዝ ይገባል። አባላቱ የሥራውን ዓላማ እንዲያውቁት ያድርግ፤ በሥራው ለውጥ ከማምጣቱ በፊት ይጠይቃቸው። ጨው የተሳሳተ መጠን የጨመረ ጓደኛ ወዲያው ሲናገር ከመቆጣቱ በፊት ያመስግነው። ጥሩ ወሬ ለማስደሰት ካልሆነ በቀር የማይናገር ቡድን ካለውም ዝምታውን እንደ ስምምነት አይቁጠረው፤ እንደ አሥራ አራቱ ወንዶች ምን እንደሚፈሩ ይመርምር። በመጨረሻም አንድ ዘዴ ሠራ ከማለቱ በፊት ሌላ ምን አብሮ እንደተለወጠ ይጠይቅ፤ የሰኞውን ምርት ከመብራቱ ለመለየት ሰማንያ ዓመት ያህል ፈጅቷልና።