ብስባሽ ለምን ይሞቃል? አርሶ አደሮች ሲመካከሩ የሚገኝ ሳይንስ

ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ኬሚካል ሳይጠቀሙ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች በአንድ ማሳ ዳር ተሰብስበው ልምዳቸውን ይለዋወጣሉ እንበል። አንደኛው «የእኔ ብስባሽ በሳምንቱ እጅ የማያስነካ ሆነ» ይላል። ሌላው ደግሞ «እኔም እንዳንተው ገለባና ፍግ ደርቤ ነበር፤ የእኔ ግን ሳይሞቅ ቀረ» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? በዚህ ጽሑፍ የጥያቄውን ሳይንሳዊ መልስ እየተመለከትን፣ እንዲህ ያለው ምክክር የዕውቀት ምንጭ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመነጭ እንመልከት። በክምሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ገለባውንና ፍጉን ሲመገቡ፣ እንደ እኛው ኦክሲጅን እየተጠቀሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፤ ከምግቡ ከሚገኘው ኃይል ከፊሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። የክምሩ ሙቀት 55 ዲግሪ ሴልሽየስና ከዚያ በላይ ደርሶ ለተከታታይ ቀናት ከቆየ አብዛኛውን የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይገድላል። ከ70 ዲግሪ ካለፈ ግን አበስባሾቹም ይጎዳሉ።

ይሁን እንጂ ሙቀቱ መመንጨቱ ብቻ አይበቃም፤ ሳይባክን መቆየትም አለበት። ሙቀት የሚመነጨው እንደ ክምሩ ይዘት ሲሆን፣ የሚባክነው ግን እንደ ገጽታው ስፋት ነው። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ኩብ ብንወስድ ይዘቱ 1 ሜትር ኩብ፣ የገጽታው ስፋት ደግሞ 6 ሜትር ካሬ ነው። ጎኑን ወደ 0.5 ሜትር ብናሳንሰው ይዘቱ 0.125 ሜትር ኩብ፣ የገጽታው ስፋት 1.5 ሜትር ካሬ ይሆናል። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሚደርሰው ገጽታ ከ6 ወደ 12 ሜትር ካሬ ከፍ አለ ማለት ነው። ክምሩ ቢያንስ 1 ሜትር ኩብ ያህል እንዲሆን የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

መጠኑ በቂ ሆኖ ሳለ የማይሞቅ ክምርም አለ። ተሕዋስያኑ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይሻሉ። በስንዴ ገለባ ውስጥ ግን የካርቦኑ ድርሻ 80 እጅና ከዚያም በላይ ሊሆን ስለሚችል ፍግና እርጥብ ቅጠል ይጨመርበታል። ውሃም ከክምሩ ክብደት ከ50 እስከ 60 በመቶ ያህል ሊሆን ይገባል። ከዚህ ሲያንስ ተሕዋስያኑ ይዳከማሉ፤ ሲበዛ ደግሞ ውሃው የአየሩን ቦታ ስለሚይዝ ክምሩ ይቀዘቅዛል፤ ይሸታልም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ገለባ የበዛበትና በቅጡ ያልበሰለ ብስባሽ ማሳ ላይ ሲበተን፣ ተሕዋስያኑ የአፈሩን ናይትሮጅን ለራሳቸው ይሻሙታል፤ ቡቃያውም ቢጫ ይሆናል። በዝናብ ብቻ ለሚያርስ ቤተሰብ ይህ የዓመት ቀለቡን የሚነካ ስሕተት ነው።

ለዚህም ነው የአርሶ አደሮችን ስብሰባ እንደ ቤተ ሙከራ የምናየው። አንድ ገበሬ በዓመት የሚሞክረው ጥቂት ነው፤ ሃያ ገበሬዎች ሲገናኙ ግን የሃያ ማሳ ውጤት በአንድ ቀን ይነጻጸራል። ሆኖም «ሞቀ» ወይም «አልሞቀም» ማለት ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። የክምሩ ቁመት ስንት ነበር? ውሃ ስንት ጊዜ ጠጣ? ገለባው ከፍጉ ምን ያህል በለጠ? ወሬው ወደ ማስረጃ የሚለወጠው እነዚህ ሲጠየቁ ነው።

ቦታውም መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ የተጀመረውን የብስባሽ ሥራ ለአብነት እናንሳ። የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ነበሩ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ልምድ እንደሚያስተምረው፣ እርጥበት በሚያጥርበት ጊዜና ቦታ ብስባሹ በጉድጓድ ውስጥ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደግሞ ከመሬት በላይ ተከምሮ ይዘጋጃል። መለኪያውም የማይገድ ነው፦ ረጅም ዘንግ እስከ ክምሩ መሐል ተሰክቶ ይቆያል፤ ተነቅሎ ሲዳሰስ ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ሥራው በደህና እየሄደ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ እንዲህ ያለ ምክክር ብታገኙ ቴርሞሜትርና ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። አርሶ አደሩ በዘንግ የሚያውቀውን እናንተ በዲግሪ መዝግቡለት፤ እሱም ደብተራችሁ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።