ሲኤስኤስ የዲዛይነር ነው

ፊግማ ላይ የሚሠሩት ሥራ የሚያስቀና ብዙ ዲዛይነሮች አውቃለሁ። ሥራው ወደ ድረ ገጽ ሲዞር ግን ዝግጁ ቴምፕሌት ገዝተው ያንን ሁሉ ውበት በሰው ልክ ይቆርጡታል። ለምን ሲባሉ «ኮድ የፕሮግራመር ነው» ይላሉ። ተሳስተዋል።

መሠረቱ ቀላል ነው። ኤችቲኤምኤል ይህ ርዕስ፣ ይህ አንቀጽ፣ ይህ ምስል ነው ብሎ ለብራውዘሩ ይነግራል። ሲኤስኤስ ደግሞ መጠኑን፣ ቀለሙን፣ ባዶ ቦታውን ይወስናል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው በሰርን የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊው ሆኮን ቪውም ሊ ነው፤ የመጀመሪያው እትም በ1996 መጨረሻ ጸደቀ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ግሪድ የሚባለውን የሲኤስኤስ አቀማመጥ ስለሚደግፉ ገጽን እንደ መጽሔት በረድፍና በዓምድ መከፋፈል የጥቂት መስመር ሥራ ሆኗል። ታዲያ ይህ ሁሉ የዲዛይነር ጉዳይ ካልሆነ የማን ነው?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «አማርኛ ድረ ገጽ ላይ አያምርም» የሚለው ወሬ ነው። ፊደላችን ምንም አላጠፋም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የኮምፒውተር ፊደላት መስፈርት፣ ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ችግሩ ቴምፕሌቱ ለላቲን ፊደል ተለክቶ መሠራቱ ነው።

ቴምፕሌቱ ይዞት የሚመጣው ፎንት ብዙውን ጊዜ የአማርኛ ፊደል የለውም። ብራውዘሩ ያጣውን ፊደል ከመሣሪያው ይበደራል፦ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኢብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። አንዱ ገጽ በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ሌላ መልክ ይይዛል ማለት ነው። አኃዞቹ ደግሞ ከቴምፕሌቱ ፎንት ስለሚመጡ ዓመተ ምሕረቱ ቀጭን፣ ከጎኑ ያለው ቃል ወፍራም ሆኖ ይታያል። መፍትሔው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ከገጹ ጋር ጭኖ ፎንት ፋሚሊ በሚባለው የሲኤስኤስ ትእዛዝ መጥራት ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

አንድ ፖስተር በመሥራት የተካነ ወዳጄ በገዛ ድረ ገጹ ርዕስ ተበሳጭቶ አሳየኝ። ፊደሎቹ እንደተጣሉ ሰዎች ተራርቀው ቆመዋል። ገጹ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገን ኢንስፔክት የሚባለውን የብራውዘሩን መመርመሪያ ከፈትን። የቴምፕሌቱ ሠሪ ርዕሱ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት እንዲጻፍ አዝዞ፣ እንዳይጨናነቁ በሌተር ስፔሲንግ አራርቋቸዋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የመጀመሪያው ትእዛዝ ምንም አልሠራም፤ ማራራቁ ግን ሠራ። ወዳጄ ቁጥሩን ዜሮ ሲያደርገው ርዕሱ ወዲያው ተሰበሰበ። «ይኸው ነው?» አለኝ። አዎ፣ ይኸው ነው።

የጽሑፍ መጠንም እንዲሁ። ቢ እና ቤ፣ ቲ እና ቴ የሚለዩት እግራቸው ሥር ባለች አግድም ጭረት ወይም ቀለበት ብቻ ነው። ቴምፕሌት ለግርጌ ጽሑፍ 12 ወይም 13 ፒክሰል ሲሰጥ የእንግሊዝኛው አንባቢ አይቸገርም፤ የእኛ ቀለበት ግን ትደፈናለች። የአማርኛ መስመር፣ ላይና ታች የሚወጡ ፊደላት እንደሚበዙበት እንደ ላቲኑ መስመር አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው። ስለዚህ አየር ይፈልጋል። እኔ ለዋናው ጽሑፍ ከ17 ፒክሰል አልወርድም፣ ላይን ሃይትን (የመስመሩን ከፍታ) ደግሞ 1.7 አካባቢ አደርጋለሁ። ኢታሊክንም ተዉት፤ ፎንቱ የራሱ ዘመም ከሌለው ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ገፍቶ ያጋድመዋል።

ሁለት ቋንቋ ያለው ገጽ ላይ ይህን ሁሉ ለአማርኛው ብቻ ማዘዝ ይቻላል። ኤችቲኤምኤሉ ላይ የቋንቋውን ምልክት ካስቀመጣችሁ፣ ሲኤስኤስ «አማርኛ የሆነውን ብቻ እንዲህ አድርግ» የሚል ትእዛዝ ይቀበላል። ዝርዝርን በ፩፣ ፪፣ ፫ የሚቆጥር አማራጭ እንኳ አለው። ኢትዮፒክ ኑሜሪክ ይባላል፤ ሲጠቀሙበት የማየው ግን ከስንት አንዴ ነው።

ቴምፕሌት ጨርሶ አይነካ አልልም፤ ለነገ ጠዋት የሚደርስ ሥራ ካለባችሁ ጫኑት። ጃቫስክሪፕትንም ለጊዜው ተዉት። ግን እባካችሁ፣ የአማርኛ ገጽ ለደንበኛ ከማስረከባችሁ በፊት ኢንስፔክትን ከፍታችሁ ሞክሩና ፎንቱን፣ የፊደሉን ርቀት፣ የመስመሩን ከፍታ ሲኤስኤሱ ውስጥ በእጃችሁ አስተካክሉ።