በልብ ውስጥ «ማስ» ታየ ሲባል ምን ማለት ነው?

ከቦሌና ገርጂ እስከ ሲኤምሲና አያት ባሉ የግል ሆስፒታሎች የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) መነሳት ዛሬ የተለመደ ሆኗል። በውጤቱ ወረቀት ላይ «ማስ» የሚል ቃል ያየ ቤተሰብ ግን ወዲያው ካንሰር መስሎት ይደነግጣል። ቃሉ በልብ ክፍሎች ውስጥ መኖር የሌለበት ነገር መታየቱን ብቻ ነው የሚገልጸው። ምንነቱ ሲለይ ሕክምናውም ይለያያል፤ ስለዚህ ዓይነቶቹን በአጭሩ እናያለን።

የረጋ ደም፦ በልብ ውስጥ ከሚገኙ ማሶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። በአገራችን አንዱ ዋና መነሻው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብን ቫልቮች ሊጎዳ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ሲጠብ፣ ከበላዩ ያለው የግራ ክፍል ይለጠጣል፤ የልብ ምት ይዛባል፤ ደሙም እየዘገየ ይረጋል። ከዚያ ቁራጭ ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል።

በጀርም የሚፈጠር እብጠት፦ ጀርም በደም በኩል ገብቶ በተጎዳ ወይም በሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ሲያድግ የሚፈጠር ነው። የማይለቅ ትኩሳት ዋና ምልክቱ ነው። በደም ሥር በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት ይታከማል፤ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ዕጢ፦ ከራሱ ከልብ የሚነሳ ዕጢ እጅግ ጥቂት ነው፤ በአስከሬን ምርመራ ጥናቶች ከ10,000 ሰዎች በ2ቱ ገደማ ታይቷል። ከእነዚህም ከ4ቱ 3 ያህሉ ካንሰር አይደሉም። በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ሚክሶማ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በግራው የላይኛው የልብ ክፍል ይበቅላል። ትንፋሽ ማጠርን ስለሚያመጣ የሚትራል ቫልቭ መጥበብ ሊመስል ይችላል። ስዊድናዊው ሐኪም ክላረንስ ክራፎርድ እ.ኤ.አ. በ1954 በቀዶ ሕክምና በተሳካ ሁኔታ ካወጣው ወዲህ የሚድን ሕመም ሆኗል። በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል የልብ ቀዶ ሕክምና ይሰጣል።

ከሳንባ፣ ከጡት ወይም ከደም ካንሰር ወደ ልብ የሚዛመት ዕጢ ከልብ ከሚነሳው ቢያንስ 20 እጥፍ ይበዛል። ስለዚህ ታማሚው ቀድሞ የነበረበትን በሽታ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

በረመዷን ወር ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የረጋ ደም ነው። ለዚህ የሚታዘዘው ዋርፋሪን በአብዛኛው በቀን አንዴ የሚዋጥ በመሆኑ ከኢፍጣር በኋላ ሊወሰድ ይችላል። «ጾመኛ ነኝ» ብሎ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ለስትሮክ ያጋልጣል። የአመጋገብ ለውጥ፣ በተለይ የጎመን መብዛት ወይም መቀነስ፣ የመድኃኒቱን ኃይል ይለውጣል። ባህላዊ መድኃኒቶችም እንዲሁ። ስለዚህ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪም ማማከርና አይኤንአር የተባለውን የደም ምርመራ ማድረግ ይገባል። ሐኪም እንዳይጾም ለመከረው ታማሚ ሸሪዓችን ሩኽሳ ሰጥቶታል። ዋርፋሪን የምትወስድ እህት ደግሞ እርግዝና ከማሰቧ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል።

ወላጆችም ልጆቻችሁ ጉሮሯቸውን ሲያማቸውና ሲያተኩሳቸው በጊዜ አሳክሟቸው። የሩማቲክ ሕመም የተገኘበት ልጅ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚታዘዝለት የፔኒሲሊን መርፌ ሊያመልጠው አይገባም። ድንገት የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ ሲታይ ደግሞ ነገ ሳትሉ በዚያው ሰዓት ታማሚውን ወደ ሆስፒታል አድርሱት።