ስለ ፊዚዮቴራፒ ተማሪ ቤት አመራረጥ

ከጥንት ጀምሮ የአገራችን ተማሪ ትምህርት ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መምህሩ ነው። ድጓ የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ፥ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ማደሪያው የሣር ጎጆ ቢሆንም ምስክሩ እውነተኛ ስለ ሆነ የመንገዱ ድካም አያስቀረውም። ዛሬም በአዲስ አበባ ምሥራቅ በሰሚት ሠፈር የሚኖር ወጣት ፊዚዮቴራፒ የሚባለውን ጥበብ ለመማር ቢያስብ፥ ይህንኑ ልማድ መከተል ይጠቅመዋል።

ፊዚዮቴራፒ ማለት በእንቅስቃሴ፥ በእሽትና በልክ በተመጠነ ልምምድ የደከመውን አካል ወደ ሥራው የሚመልስ ሕክምና ነው። እግሩ ተሰብሮ ከጄሶ የወጣ ሰው ጉልበቱ አልታጠፍ ሲለው፥ በስትሮክ ግማሽ አካሉ የሰነፈ ሽማግሌ መቆም ሲያቅተው፥ እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በየሳምንቱ እየተቃና በጄሶ ሲታሠር፥ የዚህ ጥበብ ዐዋቂ ያስፈልጋል።

በየመንደሩ ያለው ወጌሻም ከአባቱ በወረሰው ልምድ ወለምታን ያሻል፥ ስብራትንም ያስራል። ነገር ግን ማሰሪያው ከልክ በላይ ቢጠብቅ የደሙ መዘዋወር ይቋረጥና ሥጋው ይሞታል፤ እግሩም እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ የእጅ ልምድ ብቻውን አይበቃም፤ ከቆዳ በታች ያለውን ጅማት፥ ደም ሥርና አጥንት ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል።

በስዊድን አገር ፔር ሄንሪክ ሊንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1813 በስቶክሆልም ከተማ የሰውነት እንቅስቃሴ ተማሪ ቤት አቆመ። በ1894 ደግሞ በለንደን አራት ነርሶች የባለሙያዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ይህንንም ያደረጉት አንዳንድ ሰዎች በእሽት ስም ክፉ ሥራ እየሠሩ የሙያውን ክብር ስላጎደፉት ነው። ማኅበሩም ትምህርትና ፈተና ወስኖ ዐዋቂውን ካላዋቂው ለየ።

በኢትዮጵያ ይህን ጥበብ ከሚያስተምሩት መካከል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የጎንደሩ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ነው። ለሰሚት ልጅ አዲስ አበባ ደጁ ነው፤ ጎንደር ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይሁን እንጂ ቅርበት ብቻውን የምርጫ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

እንግዲህ የሚመርጥ ሰው አራት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ ተማሪ ቤቱ የግል ከሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘቱን፥ ፈቃዱም ለዚሁ ትምህርት የተሰጠ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ለሌላ ትምህርት የተሰጠ ፈቃድ ለዚህ አያገለግልምና። ሁለተኛ፥ ተማሪው ልምምድ የሚያደርግበት ሆስፒታል የትኛው እንደ ሆነ፥ ሕመምተኛውን በእጁ የሚዳስሰውም በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ዋና በወንዝ እንጂ በወሬ አይለመድም። ሦስተኛ፥ መምህራኑ ራሳቸው ይህን ሙያ የተማሩና ሕሙማንን የሚያክሙ መሆናቸውን ይወቅ። አራተኛ፥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀበል ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፥ ከዚያ ተማሪ ቤት ስንቱ ተፈትኖ ስንቱ እንዳለፈ ይመርምር።

ይህን ሁሉ በመንገድ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ አያገኘውም። ወደ ተማሪ ቤቱ ሄዶ የልምምዱን ክፍል በዓይኑ ይይ፤ ከዚያ የተመረቁትን ፈልጎ ያነጋግር፤ ክፍያውንም እስከ መጨረሻው ዓመት ደምሮ ከወላጆቹ ጋር ይማከርበት።

በክፉ ምርጫ ተማሪው ገንዘቡንና ዘመኑን ያጣል፤ በእጁ የሚወድቀው ሕመምተኛ ግን እግሩን ያጣል። ስለዚህ በዚህ ነገር የሚደረግ ጥያቄ ሁሉ ለራስ ብቻ ሳይሆን ለማያውቁት ሰው ጭምር የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።