ከአንድ ግንድ ቆጮም ቃጫም

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥቶ ሰበታን ያለፈ መንገደኛ፣ ወሊሶ ሲቃረብ ቅጠላቸውን ዘርግተው ቤት የከበቡ እንሰቶችን ያያል። ከጉራጌ የሚመጣው ቆጮ ወደ ክትፎ ቤቶቻችን ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው መንገድ ነው። በሰሜን ግን ተክሉን የምናውቀው በኮባነቱ ነው፦ ድፎ ዳቦ ይጋገርበታል፣ በቃ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እንሰት ሲጽፍ የሚበላ መሆኑን መዝግቧል።

እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን አይበላም። ዱሩ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፣ አላምዶ ዋና ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ ይመገበዋል። ከ40 እስከ 60 እንሰት በዓመት አንድ ቤተሰብ ይቀልባል ይባላል።

ድርቅን የሚችልበት ምስጢር ቀላል ነው፦ ግንዱ ውሃ ያጠራቅማል፣ አዝመራውም ወቅት አይጠብቅም። ዘንድሮ ካልተነካ ለከርሞ ወፍሮ ይቆያል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እንሰት አብቃይ አካባቢዎች ከሌላው ሻል ብለው የተገኙት ለዚህ ነው።

አፋፋቁን ማየት ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሴቲቱ ልጡን በጋደለ ጣውላ ላይ ዘርግታ በእግሯ ትይዘዋለች፣ በቀርከሃ መፋቂያም ወደ ታች ትገፋዋለች። ነጩ ሥጋ ከነውሃው ይወርዳል፣ ጣውላው ላይ ክሩ ብቻ ይቀራል። ከወረደው ተጨምቆ የሚዘቅጠው ቡላ ነው። ሌላው ከተከተከተው አሚቾ፣ ማለትም ከእንሰቱ ሥር ጋር ተደባልቆ፣ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተብላልቶ ቆጮ ይወጣዋል። ክሩ ሲደርቅ ቃጫ ይባላል፦ ገመድ፣ ከረጢት፣ ምንጣፍ። ዘመዱ የፊሊፒንሱ አባካ የሻይ ከረጢት ወረቀት ሆኖ ዓለምን ዞሯል፤ የኛው ቃጫ ከገመድ ብዙም አለመራቁ ያስቆጫል።

ጉድለቱን አንደብቅ። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። ከአይብና ከጎመን ጋር መቅረቡ ለጣዕም ብቻ አይደለም። የቆጮን ዱቄት ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ጋር መቀላቀልም ሌላው መንገድ ነው። የሴቶቹ ድካምም አለ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የመፋቂያና የመጭመቂያ መሣሪያ ሠርቷል፤ ለእኔ ከአዲስ የምግብ ዓይነት ሁሉ ይህ ይቀድማል።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንሰት ቢስፋፋ ተጨማሪ 100 ሚሊዮን ያህል ሰው ሊመግብ እንደሚችል ገምቷል። ከአዲስ አበባ ጎረቤቶች መካከል፣ ከፍታቸው ሲታይ ሰበታም ቡራዩም ይመቹታል፤ ሱሉልታ ላይ ውርጩ ለጋውን ያስቸግረው ይሆናል። ከውርጭ የባሰው አጠውልግ ነው። ይህ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ በኢትዮጵያ እንሰት ላይ መኖሩ በሳይንስ የተመዘገበው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የታመመውን በቆረጠ ቢላ ወደ ጤነኛው ይሻገራል። ስለዚህ ገበሬው ቢላውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግር በእሳት እንዲያሳየው ይመከራል።